ዋልያውና ገበሬው
ስለ ተፈጥሮ ጥበቃና ስለ ፖለቲካ አጭር ጥናት

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በተከራከርን ቁጥር ሁለት ወገን ሆነን እንቆማለን። አንደኛው ወገን፥ «ዱሩና አውሬው ሳይነካ ይኑር» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ፥ «ድኻ በበዛበት አገር ይህ የጥጋብ ወሬ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን አንዱም ብቻውን አገር አያስተዳድርም። ለዚህም የስሜን ተራሮች ፓርክ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ሲሆን፥ በ1978 ዩኔስኮ ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር መዘገበው። ይሁን እንጂ ወሰኑ ሲከለል ውስጡ ባዶ አልነበረም፤ ገብስ የሚያርስና በግ የሚያሰማራ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። በደርግ ዘመን ከአንዳንድ መንደሮች ሰዎች በግድ እንዲነሡ ተደረገ። መንግሥቱ በ1991 ሲወድቅም ብዙ የፓርኩ ንብረት ወደመ። ዋልያው በማነሱ፥ እርሻውና ግጦሹ በመስፋፋቱ፥ መንገድም በመካከሉ በማለፉ፥ በ1996 ቅርሱ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ልብ ሊባል ይገባዋል። ወሰኑ እንደገና ተከለሰ፤ መንደሮች ከውስጡ ወጡ፤ በፈንታቸው እንደ ሊማሊሞ ያሉ ለአውሬው የሚመቹ ስፍራዎች ተጨመሩ። በ1978 ሲመዘገብ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። «ከወሰኑ አንድ ስንዝር አይነካም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። እንግዲህ በመንገዱ ላይ መስማማት ዓላማን መክዳት አይደለም።

ሆኖም ዋጋውን የከፈለ ሰው አለ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሄዱ ተደረገ፤ በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እኛ ደስ ያለን በእነርሱ መሬት ነው። ካሣ ቢከፈልም እንኳ የአባቱን ማሳ ለለቀቀ ገበሬ ገንዘብ ብቻውን ኑሮ አይሆንም። ይህን ሳይመዝኑ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር መስበክ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደ ተባለው ነው።

በሌላ በኩል የማይታለፍ ወሰን አለ። የተሳሳተ መንገድ ይታረማል፤ የተጓደለ ካሣም ዘግይቶ ይከፈላል፤ የጠፋ ዋልያን ግን ማንም መንግሥት ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ነገ ከየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ስንቀመጥ፥ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ከጠፋ የማይመለሰው ምንድን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? እርሱስ አስቀድሞ ተጠይቋልን? የመጀመሪያውን የዘነጋ ተራራውን ያራቁታል፤ የቀሩትን የዘነጋ ደግሞ ተራራውን የሚጠብቅለት ሰው ያጣል።