የትኛው ቤት ይቁም? የትኛውስ ይፍረስ?

በከተማ ውስጥ የተሠራ ቤት ሁሉ አንድ ቀን ያረጃል። ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ቤቱ ይጠገን ወይስ ይፍረስ? ቤቱ ተራ ቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ ከቤተሰቡ ጋር ይመክርና ይወስናል። አንዳንድ ቤት ግን የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ፣ የከተማው፣ አልፎም የአገሩ ታሪክ ያለበት ነው። እንዲህ ባለው ቤት ላይ ማን ይወስናል? በምንስ መለኪያ?

በዚህ ትምህርት ይህን ጥያቄ እንመለከታለን። ለምሳሌ የምንወስደው አዲስ አበባን ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተመልክቷል።

1. አሮጌዎቹ ቤቶች ከየት መጡ?

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በኮረብታ ላይ ሲሠሩ መኳንንቱና የጦር አለቆቹም በየፊናቸው ጉብታ ጉብታውን እየመረጡ ሰፈሩ። ጭፍራውም በጌታው ቤት ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው። ሸጎሌ የሚባለው አካባቢም ስሙን ያገኘው እዚያ ቤት ከነበራቸው ከቤኒሻንጉሉ ሹም ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። እንግዲህ የሰፈር ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ብዙው ቤት በእንጨት፣ በጭቃና በሣር የተሠራ ክብ ቤት ነበር። ቆይቶ ቆርቆሮ መጣ። ባሕር ዛፍ ተተክሎ እንጨት እንደ ልብ ሆነ። ከአገሬው ሠራተኛ ጋር የህንድና የአርመን ግንበኞች በሥራው ተሳተፉ። ምድሩ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የሆነ፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ደረጃውና መስኮቱ በጥርብ እንጨት ያጌጠ ቤት ተሠራ። አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶቿ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ይህ ዓይነቱ ቤት ነው።

2. ቤቶቹን የጎዳቸው ምንድን ነው?

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ትልቅ ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። አዳራሹ በኮምፖንሳቶ ተከፈለ፤ በረንዳው ማድ ቤት ሆነ።

የኪራዩ መቀነስ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ይህ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ከዚያች ጥቂት ብር ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ተከራዩ ‹‹ቤቱ የመንግሥት ነው›› ይላል። ቀበሌው ‹‹በጀት የለኝም›› ይላል። በሁለቱ መካከል ዝናብ ይገባል።

የጭቃና የእንጨት ቤት ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። አንድ የተቀደደ ቆርቆሮ በጊዜው ካልተቀየረ ውሃው ማገሩን ያበሰብሳል። ማገሩ ሲበሰብስ ግድግዳው ያዘነብላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ለማጠንከር ብሎ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ይህ ጉዳት አለው። ሲሚንቶው ውስጥ የገባውን እርጥበት አያስወጣም፤ ግድግዳው ከውስጥ ይበሰብሳል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው በጭድ የተቦካ ጭቃ ወይም የኖራ ልስን ነው።

ሌላው ጠላት እሳት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የፒያሳው ጣይቱ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በተነሳ እሳት ከፊሉ ተቃጥሏል። ፎቁና ደረጃው እንጨት የሆነ ቤት አንዴ እሳት ከያዘው ለማዳን እጅግ ያስቸግራል።

3. ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአገሪቱን የታሪክ ቅርስ መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ በሁለት ይከፈላል። የሚንቀሳቀስ ቅርስ አለ፤ ለምሳሌ የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጋሻ። የማይንቀሳቀስ ቅርስም አለ፤ ለምሳሌ ቤት፣ ግንብ፣ ሐውልት።

ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው ቀርቶ እንዳሻው ሊጠግነውም አይችልም። አስቀድሞ ባለሥልጣኑን ማስፈቀድ አለበት። ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለይቷቸዋል።

በሌላ በኩል ከተማው መንገድ፣ ገበያ፣ መኖሪያ ቤት ያስፈልገዋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተፈለገ ቦታ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ ካሳው እንዴት እንደሚከፈልና ተነሺዎች እንዴት እንደሚቋቋሙ ይደነግጋል። እንግዲህ ሁለት ሕግ አንድ ቤት ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ‹‹ጠብቅ›› ይላል። ሌላው ‹‹ለልማት ልቀቅ›› ይላል። የከተማው ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

4. መለኪያዎቹ

አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ አይደለም። አሮጌ ቤት ሁሉ ይቁም ቢባል ከተማ አያድግም፤ ሕዝቡም ከሚያፈስ ጣሪያ አይወጣም። ስለዚህ ባለሙያዎች መምረጥ አለባቸው። ሲመርጡ የሚከተሉትን ይጠይቃሉ።

ሀ) ታሪኩ፦ በቤቱ ማን ኖረበት? ምን ተፈጸመበት?
ለ) ሙያው፦ አሠራሩና ጌጡ የዘመኑን ጥበብ ያሳያል ወይ?
ሐ) ብዛቱ፦ እንደሱ ያለ ሌላ ቤት አለ ወይስ የቀረው እሱ ብቻ ነው?
መ) ይዞታው፦ ከመጀመሪያው አሠራር ምን ያህሉ ሳይለወጥ ቆይቷል? ሊጠገንስ ይችላል?
ሠ) አካባቢው፦ ብቻውን ነው ወይስ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የአንድ ሰፈር መልክ ይሰጣል?
ረ) ጥቅሙ፦ ቢጠገን ለምን ሥራ ይውላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰው የማይገባበት ቤት፣ ቢጠገንም ተመልሶ ይፈርሳል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤቱ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ሥራ ስለተሰጠው ጠባቂም አገኘ።

የተመረጠው ቤት በመዝገብ ይሰፍራል። ይለካል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ታሪኩ ይጻፋል። ከሁሉም በላይ ግን መዝገቡ ፕላን የሚያወጣው መሐንዲስ ዘንድ መድረስ አለበት። የቅርስ ክፍል መዝግቦ ሳጥኑ ውስጥ ቢቆልፍበት፣ የመንገድ ክፍል ሳያውቅ በቤቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ዶዘሩ ከመጣ በኋላ ‹‹ቅርስ ነበር እኮ›› ማለት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

5. በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ወጣት የቅርስ ባለሙያ በአንድ የድሮ መኳንንት ቤት ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናትን ሊያነጋግር ሄደ እንበል።

ባለሙያው፦ እማማ፣ ይህ ቤት እኮ ትልቅ ታሪክ አለው። እንዲፈርስ አንፈልግም።

እናት፦ ታሪኩንስ እኔም አውቀዋለሁ ልጄ። አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። ግን ክረምት ሲመጣ ባልዲ ደቅኜ ነው የማድረው። በአንድ ሽንት ቤት ስምንት አባወራ ነን። ታሪክ ዝናብ ይከለክላል እንዴ?

ባለሙያው፦ አይከለክልም እማማ። ለዚህ እኮ ነው ይጠገን የምንለው።

እናት፦ ሲጠገን እኔ የት ልሂድ? ሲያልቅስ ትመልሱኛላችሁ ወይስ ለሆቴል ልታደርጉት ነው?

ባለሙያው፦ እሱ ገና አልተወሰነም።

እናት፦ እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ወስኑ። እኔ ቤቱን አልጠላሁትም ልጄ፤ ኑሮውን ነው የጠላሁት።

የእኚህ እናት ንግግር ትክክል ነው። በአዲስ አበባ በልማት ምክንያት ለሚነሳ የቀበሌ ቤት ተከራይ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። አንዳንዱ ንጹሕ ቤት፣ የራሱ ሽንት ቤትና ማድ ቤት በማግኘቱ ይደሰታል። ሌላው ደግሞ ከእድሩ፣ ከማኅበሩ፣ ከጉልቱና ከደንበኞቹ ይርቃል። ሰፈር ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሰውን በሚያፈስ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ‹‹ቅርስ ጠበቅን›› ማለትም ፍርድ አይደለም። ቅርሱን ለማቆየት የሚወጣው ወጪ በድሃው ተከራይ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎች አካባቢዎች የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ብዙ አሮጌ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈርሰዋል። ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። አንዳንዱ መንገዱ ሰፋ፣ ከተማው ጸዳ ብሎ ተደሰተ። ሌላው የልጅነት ሰፈሬ ጠፋ፣ የከተማው ታሪክ ተቆረጠ ብሎ አዘነ። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ምርጫውና ውይይቱ ከማፍረሱ በፊት በቂ ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው ነው። አዲስ መንገድ ነገም ሊሠራ ይችላል። የፈረሰ የመቶ ዓመት ቤት ግን፣ የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ሁሉ፣ ተመልሶ አይገኝም።

6. የሌሎች ከተሞች ልምድ

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተ ፔንሲልቬኒያ የሚባል ታላቅ የባቡር ጣቢያ ነበር። ቦታው ለሌላ ሕንፃ ስለተፈለገ እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ተጀመረ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ጣቢያው ግን ፈረሰ። ቁጭቱ ሥራ ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከተማው ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚመርጥና የሚጠብቅ ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። ቆይቶ የሌላው ታላቅ ጣቢያ ባለቤቶች በጣቢያው ላይ ፎቅ እንሥራ ብለው ከተማውን ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ለከተማው ፈረደ። ያ ጣቢያ ግራንድ ሴንትራል ይባላል። እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ባቡርም ይገባበታል።

ከአገራችን ደግሞ ሐረርን እንይ። የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሐረር የተጠበቀው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። ግንቡ፣ ጠባቡ መንገድ፣ መስጊዱና መኖሪያ ቤቱ በአንድነት ነው። በየቤቱም ሰው ይኖራል። እንግዳ ሲመጣ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ይቀመጣል። ቅርስና ኑሮ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል።

7. ምን ማድረግ ይቻላል?

ቤት ሁሉ ይቁም ወይም ሁሉ ይፍረስ ከማለት በፊት በመካከል ብዙ መንገድ አለ። ቤቱን ጠግኖ መኖሪያ ማድረግ ይቻላል። ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም ወይም ምግብ ቤት ማድረግም ይቻላል። ዋናውን ቤት አቁሞ በኋላ የተቀጠለውን ማንሳት ይቻላል። መንገዱን ጥቂት ማጠፍም ይቻላል። ማፍረስ ግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ቤቱን መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሳትና ታሪኩን መመዝገብ ይገባል።

ነዋሪውም ድርሻ አለው። ከዝናብ በፊት አሸንዳውን መጥረግና ውሃ ከግድግዳ ሥር እንዳይቆም ቦይ መቅደድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስለ ቤቱ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ታሪኩን በደብተር መጻፍም ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው ሁሉ ቀላል ነው። የሰፈሩ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ተገኝቶ መጠየቅም መብት ነው። ‹‹የትኛው ቤት ተመዝግቧል? ለምን? እኛስ ወዴት ነን?›› ብሎ በጊዜው የጠየቀ ሰፈር፣ መልሱን በዶዘር ድምፅ አይሰማም።

የቃላት ትርጉም

ማገር፦ ግድግዳ ለማያያዝ በቋሚዎች ላይ አግድም የሚታሰር እንጨት
አሸንዳ፦ ከጣሪያ ላይ የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ የሚያፈስ ቆርቆሮ
ልስን፦ ግድግዳን ለማለስለስ የሚቀባ ጭቃ፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ
ይዞታ፦ አንድ ነገር አሁን ያለበት ሁኔታ፤ እንዲሁም በእጅ ያለ ቦታ
ቅርስ፦ ካለፈው ትውልድ የተላለፈ፣ ለሚመጣው የሚቆይ ሀብት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ምን ጉዳት ያመጣል?
2. ለቤት ምርጫ ከተዘረዘሩት ስድስት መለኪያዎች ይበልጥ የሚከብደው የትኛው ይመስላችኋል? ለምን?
3. እናትየው ‹‹መጀመሪያ እሱን ወስኑ›› ያሉት ምኑን ነው? እናንተ ባለሙያው ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?
4. በሰፈራችሁ መመዝገብ የሚገባው ቤት አለ? ታሪኩን ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።