ምሕረት ፍትሕን አይተካም፦ ስለ ነርሶች የሥራ ቦታ ደኅንነትና ስለ ማኅበራቸው



በአገራችን ሆስፒታል የገባ ሰው ነርሷን ሲጠራ «ሲስተር» ይላታል። ቃሉ የውጭ ቢሆንም ትርጉሙ «እህት» ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። መነሻውም ሕሙማንን መንከባከብ በብዙ አገሮች የደናግል አገልግሎት ከነበረበት ዘመን ነው። ስሙ ያማረና የተከበረ ነው፤ ይሁን እንጂ ስውር አደጋ አለበት። ገዳማዊት እህት ራሷን ለአገልግሎት የሰጠችው በነጻ ፈቃዷ ነው፤ ስትታመም የሚያስታምማት፣ ስታረጅም የሚጦራት ማኅበር አላት። የዘመናችን ነርስ ግን በደመወዝ የምትተዳደር፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ ልጆች የምታሳድግ ሠራተኛ ናት። በአፋችን «እህት» ካልናት በኋላ፣ ጓንት ስትጠይቅ «ሥራሽ የምሕረት ሥራ ነውና ቻይው» ብለን የምንመልስላት ከሆነ፣ የአክብሮቱ ስም የፍትሕን ጥያቄ ማፈኛ ይሆናል።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም ምሕረት ፍትሕን ይፈጽማል እንጂ አይተካም የሚል ነው። ነርሶች ተሰባስበው ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ሲጠይቁ የአገልግሎትን መንፈስ የተዉ የሚመስለን ብንኖር፣ ነገሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

1. በአካባቢያችን ያለው ምስክር

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያው ስፍራ በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1965) አለርት ተቋቋመ፤ ስሙም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል መሆኑን የሚገልጽ አሕጽሮት ነው። ዛሬ ተቋሙ ለልዩ ልዩ ሕመሞች አገልግሎት የሚሰጥ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኗል።

ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሕሙማን በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። ዘመድ የሸሸውን ሰው ቁስል አጥቦ ያሰረው የነርስ እጅ ነበር። የሰዎችን ፍርሃት የቀነሰው ግን የአገልጋዮቹ ድፍረት ብቻ አልነበረም። የበሽታው ጠባይ መታወቁ፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ፈዋሽ የሆኑ መድኃኒቶች በቅንብር መሰጠታቸው ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ርኅራኄ ከእውቀትና ከመሣሪያ ጋር ሲጣመር አስታማሚውንም ታማሚውንም እንደሚያድን ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው የምጽዋት ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ስለ መብታቸው የሚናገሩ ዜጎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ታማሚው በማኅበር መናገሩ ተገቢ ከሆነ፣ የአስታማሚውስ ስለ ምን እንግዳ ይሆንብናል?

2. የነርስ ሥራ አደጋው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሆስፒታልን የመፈወሻ ቦታ አድርገን ስለምናስብ የአደጋ ቦታ መሆኑን እንዘነጋለን። አደጋውን በአራት ከፍለን ማየት ይቻላል።

ሀ. በመርፌ መወጋት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ካለበት ሰው ደም ጋር በነካካ መርፌ የተወጋ፣ ክትባቱን ያልወሰደ ሠራተኛ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድል ከ1,000 ወደ 3 የሚጠጋ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን አለ፤ ለኤች አይ ቪም ከአደጋው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ስለሆነም ጉዳዩ የዕጣ ፈንታ ሳይሆን የዝግጅት ጉዳይ ነው።

ለ. በትንፋሽና በንክኪ የሚተላለፉ በሽታዎች። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል መስኮቱ የታፈነ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ የምትውለው ነርስ ያንኑ አየር ትተነፍሳለች። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደ ነበረ ሁላችን እናስታውሳለን። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ወረርሽኝ ይፋ በሆነ ጊዜም ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት።

ሐ. የሥራ ብዛት። ሊንዳ ኤይከን የተባሉ የነርስነት ሙያ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ታማሚ በተጫነ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀናት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከ100 በ7 እጅ ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። እንግዲህ የነርሷ ድካም የነርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ ሸክሙን እንዲያካፍል የመከረው ስለዚህ ነው (ዘጸ. 18)።

መ. ዛቻና ድብደባ። ዘመዱ የሞተበት ወይም መድኃኒት ያጣ ሰው ንዴቱን የሚወጣው በመጀመሪያ በፊቱ ባገኛት ነርስ ላይ ነው። መድኃኒቱን ያላቀረበችው ወይም አልጋውን የነፈገችው እርሷ አይደለችም፤ ስድቡንና ጥፊውን የምትቀበለው ግን እርሷ ናት። በተለይ የሌሊት ተረኛዋ ብቻዋን ስትሆን አደጋው ይበረታል።

3. በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕትና ያለ ፈቃድ የሚጫን አደጋ

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን በሞሎካይ ደሴት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያገለግል በዚያው በሽታ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1889 ያረፈውን አባ ዳምያንን በ2009 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች። ታዲያ ነርስ አደጋን መሸሽ ይገባታልን?

መልሱ በመለየት ላይ የቆመ ነው። ሰው የገዛ ሕይወቱን በፍቅር ሊያቀርብ ይችላል፤ የሌላውን ሕይወት ግን በእርሱ ስም ሊያቀርብ አይችልም። የዳምያን ቅድስና ለማንም አሠሪ ጓንት ያለመግዛት ፈቃድ አይሰጥም።

በዩጋንዳ ጉሉ አጠገብ የሚገኘው የላኮር ቅድስት ማርያም ካቶሊካዊ ሆስፒታል ለዚህ ከባድ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢቦላ በአካባቢው ሲነሣ የሆስፒታሉ ነርሶች ባልደረቦቻቸው በተከታታይ ሲሞቱ አይተው በፍርሃትና በሐዘን ሥራ ለመቀጠል አመነቱ። ኃላፊው ዶክተር ማቲው ሉክዊያ ሰብስቦ አነጋገራቸው፤ መሄድ የፈለገ እንዲሄድ፣ እርሱ ግን እንደሚቀር ነገራቸው። ነርሶቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዶክተሩ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 5 ቀን በዚያው በሽታ ሞተ፤ አሥራ ሁለት ባልደረቦቹም አልፈዋል። ልብ እንበል፦ ነርሶቹን እንደ ከዳተኛ አልቈጠራቸውም፤ ፍርሃታቸውን አክብሮ ምርጫውን ለእነርሱ ተወ። መሥዋዕትነት መሥዋዕትነት የሚሆነው እንዲህ ነጻ ሲሆን ብቻ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህንኑ ያስተምረናል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። ደጉ ሳምራዊም ቁስለኛውን ወደ እንግዳ ማረፊያ ካደረሰ በኋላ፣ የማረፊያውን ጠባቂ «የጽድቅ ሥራ ነውና በነጻ አስታምመው» አላለውም፤ ሁለት ዲናር ሰጠው፣ ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥35)። እውነተኛ ምሕረት የአስታማሚውን ዋጋ ራሱ ይሸፍናል።

4. ብቻን መጮኽና በማኅበር መናገር

አንዲት ነርስ ብቻዋን «ሴፍቲ ቦክስ ይገዛልን» ብትል እንደ ነገረኛ ልትታይ ትችላለች። መቶ ነርሶች መዝግበውና ቈጥረው ሲያቀርቡት ግን ጉዳዩ የተቋሙ ጉዳይ ይሆናል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በዓለም የታወቀችው ሌሊት መብራት ይዛ ቁስለኞችን በመጎብኘቷ ነው፤ ከዚያ ያልተናነሰው ሥራዋ ግን በክራይሚያ ጦርነት ወታደሮች የሞቱበትን ምክንያት በቍጥር አስልታ ለመንግሥት ማቅረቧ ነበር።

በቅርብ ዘመንም ካረን ዴሊ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመርፌ መጣያ ሣጥን በወጋት መርፌ በኤች አይ ቪና በሄፓታይተስ ሲ ተያዘች። እርሷና የነርሶች ማኅበራት ባደረጉት ጥረት፣ አሠሪዎች ደኅንነታቸው የተሻለ መርፌዎችን እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ኅዳር 6 ቀን 2000 (እ.ኤ.አ.) ተፈረመ። በካሊፎርኒያም በነርሶች ማኅበር ግፊት በ1999 በወጣውና ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ አንድ ነርስ የምትይዛቸው ታማሚዎች ቍጥር ተወሰነ። ከእነዚህ ሕጎች የተጠቀመው ነርሱ ብቻ አይደለም፤ በአልጋ ላይ የተኛውም ጭምር ነው።

5. የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውን ለማሻሻል የመደራጀት መብት እንዳላቸው፣ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብትም እንዳላቸው ይደነግጋል። የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጨምራል።

በግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የሚሠሩ ነርሶች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ይተዳደራሉ። በዚህ አዋጅ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ አሠሪውም የመከላከያ ዕቃ የማቅረብና አደጋን የመመዝገብ ግዴታ አለበት። የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም። ስለሆነም የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበር የሙያ ማኅበር ነው እንጂ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በከፈተው በርና ዝርዝሩ ሕግ ባቆመው አጥር መካከል ያለው ክፍተት ይህ ነው።

6. ስለ ሥራ ማቆም

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገራችን የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ መሻሻል ጠይቀው በብዙ ስፍራ ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ መንግሥት ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎታል፤ የታሰሩም ነበሩ። በየቤታችንም ክርክር ተነሥቷል። አንዱ «ረኀብተኛ ሐኪም እንዴት ያክማል?» ሲል፣ ሌላው «በሽተኛው ምን በደለ?» ይል ነበር። ሁለቱም ጥያቄዎች እውነተኞች ናቸው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ስለ ሠራተኞች በሚናገረው መልእክታቸው የመደራጀትን መብት ከተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑን አስተምረዋል፤ በ2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በዋነኛነት ይህን መልእክት በማሰብ መሆኑን ገልጸዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት ጤናን የማይጎዳ የሥራ ቦታ የሠራተኛ መብት መሆኑን፣ ሥራ ማቆምም በተገቢ ሁኔታና ገደብ የተፈቀደ የመጨረሻ መንገድ መሆኑን፣ ነገር ግን ለሕዝብ ሕይወት የግድ የሚያስፈልጉ አገልግሎቶች መቋረጥ እንደሌለባቸው አስተምረዋል።

ከዚህ ትምህርት ሁለት ግዴታዎች ይወጣሉ። ነርሷ የድንገተኛውንና የወላዷን አልጋ ጥላ እንዳትሄድ ሕሊናዋ ያስገድዳታል። ኃላፊው ደግሞ ሥራ ማቆምን ከመከልከሉ በፊት ሌላ የሚሰማ ጆሮ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። የሚናገርበት በር ሁሉ ተዘግቶበት፣ ዝም ባለማለቱ ብቻ የሚወቀስ ሰው በፍትሕ ተዳኘ አይባልም።

7. ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

አስታማሚ ሆነን ሆስፒታል ስንገባ ንዴታችንን በነርሷ ላይ አንወጣ፤ ቅሬታ ካለን ለሚመለከተው ኃላፊ በአግባቡ እናቅርብ። የመጠየቂያ ሰዓት እናክብር፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ሰው መቆም ሥራን ያውካል። በቍምስናችን ያሉ ነርሶች መርፌ ሲወጋቸው አደጋውን ሳይደብቁ ወዲያውኑ እንዲያስመዘግቡ፣ የሄፓታይተስ ክትባታቸውንም እንዲያሟሉ እናበረታታ። በቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ ክሊኒኮችን የምናስተዳድር ሁሉ ከሌላው በፊት በራሳችን ቤት ጓንቱ፣ ሣጥኑና የዕረፍት ሰዓቱ መኖሩን እንመርምር። ስለ ፍትሕ የሚሰብክ ሰው የሚመዘነው በመጀመሪያ በራሱ ቤት ነውና።

ለመምህራን የመወያያ ጥያቄዎች

1. በፈቃድ በሚቀርብ መሥዋዕትና በሌላው ላይ በሚጫን አደጋ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከየሙያችሁ ምሳሌ ስጡ።
2. ደጉ ሳምራዊ ለማረፊያው ጠባቂ መክፈሉ ስለ ምሕረትና ስለ ፍትሕ ምን ያስተምረናል?
3. በቍምስናችሁ ያሉ ነርሶች ስንት ናቸው? በሥራ ቦታቸው ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ለሚቀጥለው ስብሰባ ከእነርሱ አንዷን ወይም አንዱን ጋብዛችሁ አድምጡ።