በጎልፍ መሻሻላችንን እንዴት እናውቃለን?

ዛሬ ስለ ጎልፍ ትንሽ ልንገራችሁ።

በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሷን በጥቂት ምት ቀዳዳ ውስጥ ያስገባ ነው። ሙሉ ጨዋታ 18 ቀዳዳ ነው። ልንመታ ሰንዝረን ኳሷን ብንስታት እንኳ አንድ ምት ተብሎ ይቆጠራል።

ታላቅ ወንድሜ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ ይሸከማል። ሜዳው ነፃ ሲሆን እሱም 9 ቀዳዳ ይጫወታል። «በ58 ምት ጨረስኩ፣ ጎበዝ ሆኛለሁ!» ይለን ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ስቆጥር 64 ሆነ። ለካ የሳታቸውን አይቆጥራቸውም! ስነግረው ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ግን «ደብተር አምጪ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉንም መዘገብን። በዚያው ሜዳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች 64፣ 67 እና 61 ናቸው። አማካያቸው 64 ነው። ቀጥሎ 63 ሲመጣ «ይኸው ባሰብኝ» ብሎ አዘነ። ከዚያ ግን 59 እና 58 መጣ። የሦስቱ አማካይ 60 ሆነ። አሁን 58ቱ የእውነት ነው!

ስለዚህ ጀማሪ የሳተውንም ይቁጠር። በአንድ ቀን ውጤት አይኩራ፣ ተስፋም አይቁረጥ። ራሱን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከበፊቱ ከራሱ ጋር ያወዳድር።