ምዕራፍ 6፦ የተካነ ሰው እንደገና ሲማር

ስፕሪንት የምትባለው የአሜሪካ የውድድር መኪና ክብደቷ ከ700 ኪሎ ያነሰ ነው፤ የሞተሯ ጉልበት ግን የጭነት መኪናን ያስንቃል። በአፈር መም ላይ ኩርባ ስትገባ የኋላ ጎማዎቿ ይንሸራተታሉ፤ ሾፌሩ አቅጣጫዋን የሚይዘው በመሪው ብቻ ሳይሆን በነዳጅ አሰጣጡም ጭምር ነው። ሳይንሸራተቱ መታጠፍ እዚያ የለም።

አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ጄፍ ጎርደን በዚህች መኪና መወዳደር የጀመረው ገና በ13 ዓመቱ ነው። በተወለደበት ካሊፎርኒያ ዕድሜው ስላልፈቀደለት፣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ልጁ መወዳደር ወደሚችልበት ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደ። የጎርደን ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያደንቀው ይህን የወላጆች ቆራጥነት ነው። እኔ ግን ለአንባቢ ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም፤ ወላጅ ተመርጦ አይገኝም። ልንወስደው የምንችለው እ.ኤ.አ. በ1990 ያደረገውን ነው። በዚያ ዓመት ሚጅት በሚባሉት ትንንሽ መኪኖች አገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ሰሜን ካሮላይና ሄዶ፣ ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር የቀድሞ ሻምፒዮን ባክ ቤከር በከፈተው የስቶክ ካር ማሠልጠኛ ተማሪ ሆነ።

ስቶክ ካር፣ የመደበኛ መኪና መልክ ያለው የውድድር መኪና፣ ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ ያልፋል፤ ውድድሩም እንደ ስፕሪንት የሠላሳ ዙር ጥድፊያ መሆኑ ቀርቶ ሰዓታት ይፈጃል። ያን የሚያህል ክብደት አንዴ ከተንሸራተተ መመለሱ ጭንቅ ነው፤ ጎማም ይበላል።

በማርች 1992 የናስካር ቡድን ባለቤት የሆነው ሪክ ሄንድሪክ አትላንታ ላይ ኋላዋ እየዋለለ ኩርባውን የምትዞር መኪና አየ። አሁን ትጋጫለች ብሎ ቆሞ ጠበቀ። መኪናዋ አሸነፈች። ሾፌሩ የ20 ዓመቱ ጎርደን ነበር፤ ሄንድሪክም ብዙ ሳይቆይ አስፈረመው። ሌላውን የሚያስደነግጠው መንሸራተት ለእሱ ያደገበት ነገር ነው። ማሠልጠኛ መግባቱ የቀድሞ እውቀቱን አላስጣለውም፤ የት እንደሚያውለው አሳየው እንጂ።

ይህም ቢሆን በአንድ ጀምበር አልተሳካም። በ1993 የናስካር ዋና ውድድር የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ቢባልም፣ ነጥብ በሚያሰጡት ውድድሮች አንድም ድል አላገኘም፤ የሰባበራቸው መኪኖችም ጥቂት አልነበሩም። በአጭር ውድድር ያደገ ሰው ጎማ መቆጠብን፣ ተራ መጠበቅን፣ የመካኒክን ምክር መስማትን ገና ይማራል።

በሜይ 1994 ሻርሎት ላይ፣ 965 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው ውድድር ማብቂያ፣ ተፎካካሪው ራስቲ ዋላስ አራቱንም ጎማ ሲያስቀይር የጎርደን ዋና መካኒክ ሬይ ኤቨርናም ሁለቱን ብቻ አስቀየረ። በተረፉት ሰከንዶች ጎርደን ከዋላስ ቀድሞ ወደ መሙ ተመለሰ። ሁለት ጎማዋ ያረጀባትን መኪና ይዞ እስከ መጨረሻው መምራቱ የእሱ ፋንታ ነበር፤ በናስካር ዋና ውድድር የመጀመሪያ ድሉን ያገኘውም ያን ዕለት ነው። በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ።