የድንች ቅጠል ጠቅልል ቫይረስ፦ በቅጠል ውስጥ በሚቀር ስታርች የበሽታውን ክብደት ስለ መገመት

መግቢያ

በብዙ አካባቢ ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ትልልቁን ድንች ለገበያ አውጥተው ትንንሹን ለዘር ያስቀራሉ። ይሁን እንጂ ትንሽ ድንች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታመመ ተክል ነው። በዚህ ዓይነት በየዓመቱ የሚመረጠው ዘር ሳይሆን በሽታው ይሆናል፤ ምርቱም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የግብርና ልማት ሠራተኞችና ዘር አምራች ገበሬዎች የታመመውን ተክል በጊዜ ለይተው የጉዳቱን መጠን እንዲገምቱ ለመርዳት ነው።

1. በሽታው በተክሉ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

ጤናማ ቅጠል ቀን በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ምግብ ከፊሉን በስታርች መልክ ያስቀምጣል። ሌሊት ይህ ስታርች ወደ ስኳር ተለውጦ በምግብ አስተላላፊ ቧንቧዎች ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመሬት በታች ያለው ድንች የሚወፍረውም በዚህ ምግብ ነው። ቅጠል ጠቅልል ቫይረስ የሚኖረው በእነዚሁ ቧንቧዎች ውስጥ ስለሆነ መተላለፊያውን ይዘጋል። ምግቡ መውረጃ ሲያጣ ስታርቹ በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል። ቅጠሉም ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ እንደ ቆዳ ይደርቃል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በቅጠል ውስጥ የቀረው ስታርች ወደ ድንቹ ሳይደርስ የቀረው ምርት ነው ማለት ይቻላል።

2. የአዮዲን ምርመራ አሠራር

ሀ. ፀሐይ ከመውጣቱ በፊት ከተጠረጠረው ተክል ከታችኛው ክፍል ያልቢጫ ቅጠል ይቁረጡ። ለማነጻጸሪያ ጤናማ ከሚመስል ተክልም አንድ ይውሰዱ። ቀን የተቆረጠ ቅጠል ጤናማም ቢሆን ስታርች ስለሚኖረው ለዚህ ምርመራ አያገለግልም።

ለ. ቅጠሎቹን በፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩ።

ሐ. አረንጓዴው ቀለም እስኪለቅ ድረስ በአልኮል ውስጥ ያቆዩ። የአልኮሉ ዕቃ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በእሳት ላይ አይጣድም፤ አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላልና እሳቱ አስቀድሞ መጥፋት አለበት።

መ. በውሃ አለቅልቀው አዮዲን ያንጠባጥቡበትና ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ።

ቅጠሉ ቡናማ ቢጫ ከሆነ ስታርቹ ሌሊት ወርዷል። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ግን በቅጠሉ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

3. ውጤቱ እንዴት ይተረጎማል?

የታችኞቹ ቅጠሎች ጠቁረው ተክሉም ከቀጨጨ በሽታው የመጣው ከዘሩ ጋር ነው። እንዲህ ያለው ተክል ጥቂትና ትንንሽ ድንች ብቻ ስለሚሰጥ የምርቱ ግማሽና ከዚያም በላይ ሊጠፋ ይችላል።

የታችኞቹ ቅጠሎች ደህና ሆነው የላይኞቹ ብቻ ከተጠቀለሉ ተክሉ የተያዘው በዚያው ወቅት በክሽክሽ አማካይነት ሊሆን ይችላል። የዘንድሮው ጉዳት ቀላል ቢመስልም ድንቹ ቫይረሱን ይዞ ስለሚቆይ ከባዱ ጉዳት የሚታየው በሚቀጥለው ተከላ ነው። ስለሆነም ለምግብ እንጂ ለዘር አይውልም። ቫይረሱ ሰውን አይጎዳም።

4. ጥንቃቄ

አጠውልግ በሽታ፣ የግንድ መበስበስ ወይም በመኮትኮቻ የደረሰ ቁስል የምግቡን መተላለፊያ ሊያውክና ስታርች ሊያከማች ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ግንዱንና ሥሩን መመርመር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ኤክስና ዋይ የተባሉት የድንች ቫይረሶች በዚህ ዘዴ አይለዩም። ቅጠሉ ቡናማ ስለሆነ ብቻ ተክሉ ከቫይረስ ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ለተረጋገጠ ዘር የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

5. ምን መደረግ አለበት?

የታመመን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። መከላከያው ዘርን መምረጥ ነው።

— ተክሉ ማበብ ሲጀምር በማሳው እየተዘዋወሩ ጠንካራና ቅጠላቸው ያልተጠቀለለ ተክሎችን በእንጨት ምልክት ያድርጉባቸው።

— ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተመልክተው ምልክት ካሳየው ላይ እንጨቱን ያንሱ።

— ምልክት ያለባቸውን ለየብቻ ይቆፍሩ። ጥቂትና ትንንሽ ድንች ብቻ የሰጠውን ከዘሩ ያስወጡ።

— በዘር ማሳ ላይ የታመመውን ከነድንቹ ነቅለው ያስወግዱ። ካለፈው ሰብል የቀረ ቅሬታም እንዲሁ ይነቀል።

— ክሽክሽ በተከማቸ ዘር ጉንቁል ላይም ስለሚራባ መጋዘኑን ዘወትር ይቆጣጠሩ።

ከጤናማ ተክል የተገኘ ትንሽ ድንች ጥሩ ዘር ሊሆን ይችላል። ከታመመ ተክል የተገኘ ግን ትልቅም ቢሆን ዘር አይሆንም። ዘር መመረጥ ያለበት ድንቹ ከተቆፈረ በኋላ በመጠኑ ሳይሆን ተክሉ በማሳ ላይ ቆሞ ሳለ በጤንነቱ ነው።