ፈረሱ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለእትዬ፤

የማማክርዎት ስለ ባልም ስለ ገንዘብም አይደለም፤ ስለ ጓደኛዬ ነው። ልደታ ውስጥ አንድ ሰፈር አብረን አደግን፤ ሰፈሩ ሲፈርስም ዕጣው ደግ ሆኖ አንድ ብሎክ ላይ ደረሰን።

ባለፈው የዓድዋ በዓል «ሐይቅ ዳር በእግራችን ዞር ዞር ብለን እንምጣ» አለችና የወንድሟን መኪና ይዛ ወንጪ ወሰደችኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። እሷ አትጾምም፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ቁልቁለቱን እየተሳሳቅን ወረድን፤ የሐይቁንም ዳር ይዘን ብዙ ሄድን። ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ዓይኔ ጭልም አለ፤ ጉልበቴ ተብረከረከ። እሷ ቀድማኝ ትወጣና ጥምዝ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፤ ስደርስ ብድግ ብላ ትቀጥላለች። በመጨረሻ ፈረስ ተከራየሁ። ይሄኔ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችኝና «የዘንድሮዋ አርበኛ» ብላ የሰፈር ልጆች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ሁሉም ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነው?» ተባብለን እንተላለፋለን። አሁን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሚያዝያ 27 ወንጪን እንድገመው» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ብሄድ ያው ነው፤ ብቀር ኩርፊያዬ ይታወቅብኛል። ምን ይሻለኛል?

ጉልበቷ የከዳት፣ ከልደታ

እህቴ፣

ከፈረሱ ልጀምር፤ እሱ ምንም አላጠፋም። የካቲት 23 ፈረሰኛው ተሸልሞ በሚታይበት ቀን፣ ፈረስ ላይ በመውጣት መሣቂያ መሆን የሚገርም ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዋሉትን እኮ ዛሬም ድረስ በፈረሳቸው ነው የምንጠራቸው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ገበየሁ አባ ጎራው። ሩቅ ሳትሄጂ የሰፈርሽ ባልቻ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከባልቻ አባ ነፍሶ ነው። ደግሞም ለባለፈረሱ የከፈልሽው ብር የወንጪ ገበሬ ቤት ገብቷል። «አርበኛ» ያለችሽ ለስድብ ከሆነ ቃሉን አላወቀችበትም።

አሁን ወደ ጉልበትሽ ልምጣ። ሐይቅ ዳር ሲባል ሰው ሜዳ ይመስለዋል። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ ቢሆን ልክ ነው፤ እዚያ በነጠላ ጫማም ይኬዳል። ወንጪ ግን የእሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። መኪና ያቆማችሁት ከላይ ከአፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ጠዋት ያልቅና ከባዱ ለድካም ሰዓት ይቀራል። ከፍታውንም አስቢው። አዲስ አበባ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንጪ ጠርዝ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ 3 ሺህ 386 ይደርሳል። አየሩ ስስ ነው። ከማታ ጀምሮ እህልም ውኃም ያልቀመሰ ሰው በቀትር ፀሐይ ያንን ዳገት ሲወጣ ዓይኑ ባይጨልም ነበር የሚደንቀው። እንዲህ ያለው መጨለም ቤትሽ ደረጃ ላይም የሚያገኝሽ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምና ግፊትሽን ተለኪ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት ስለ ጥምዙ የጻፍሽውን ነው። አንቺ እንደ ዋዛ ጠቅሰሽው አልፈሻል፤ ለእኔ ግን ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ጓደኛሽ ቀድማ ትደርሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ውኃዋን ትጠጣለች፤ አንቺ ስትደርሺ ትነሣለች። ያን ሁሉ ዳገት ስትወጡ እሷ አሥሬ አርፋለች፤ አንቺ አንዴም አላረፍሽም። እሷ ግን «ስጠብቃት ዋልሁ» ብላ ነው የምታስበው፤ እንዲያውም ታግሼያታለሁ ባይ ናት። በክፋት ያደረገችው አይመስለኝም። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ይህን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። ተራራ የለመዱ ሰዎች ደካማውን ከፊት የሚያስቀድሙትም ለዚህ ነው፤ ርምጃውን እሱ ይመትራል፣ ብርቱው ከኋላ ይከተላል።

አንቺስ ነገርሻት? አልነገርሻትም። ጾም ላይ መሆንሽን ታውቅ ይሆናል፤ ዓይንሽ መጨለሙን ግን ከየት ታውቃለች? ይሉኝታ ያዘሽ፤ «ቆይ ልረፍ» ማለት ከበደሽና ዝም ብለሽ ተጎተትሽ። ከዚያ በቪዲዮው ሲሣቅብሽ አብረሽ ሣቅሽ። ጓደኛሽ ያየችው ሣቅሽን ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ መልእክት የላከችልሽ ከዚህ በመነሣት ይመስለኛል፤ ለእሷ የተፈጠረ ነገር የለምና።

ቪዲዮው ላይ ግን አልከራከርላትም፤ ጥፋቱ የእሷ ነው። ሁለት ሰው ተራራ ላይ ቢቀላለድ የሁለቱ ነው፤ ሰፈር ሲጨመርበት መልኩ ይለወጣል። ይህን በቴሌግራም አትጻፊላት። የምትኖረው አንቺው ብሎክ ላይ ነው፤ ቡና አፍልተሽ ጥሪያትና በቃልሽ ንገሪያት። «ዳገቱ ላይ ታምሜ ነበር፤ አልነገርሁሽም፣ የእኔ ጥፋት ነው። ቪዲዮው ግን አስለቅሶኛል፤ አጥፊልኝ» በያት። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። አብሮ አደግ ናትና ትደነግጣለች፤ ምናልባትም ታለቅሳለች። ታልቅስ።

ሚያዝያ 27 ሂጂ፤ ወንጪ ግን አይሁን፤ ቦታውን አንቺ ምረጪ። እኔ ብሆን ቢሾፍቱን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሺህ 900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ትንፋሽ አያሳጥርም። የሐይቆቹም ጉድጓድ ቢሆን እንደ ወንጪ ጥልቅ አይደለም። የባቦጋያንም የሆራንም ዳር በሙሉ እንዞራለን ብላችሁ አትነሡ፤ ብዙው ቦታ በሎጅና በሆቴል አጥር ተይዟል፣ አንዳንዱም መግቢያ ያስከፍላል። የቻላችሁትን ያህል ሄዳችሁ ዓሣ ጥብስ ብሉ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዕለቱ ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውል ጾም የለም፤ ቁርስሽን በልተሽ ውጪ። የወደፊቱን የጾም ጉዞ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

መንገድ ላይ አንቺ ከፊት ሁኚ። እንቢ ካለችሽና ሮጣ ካለፈችሽ ዛፍ ሥር ቁጭ በይና ደውዪላት፤ ቢሾፍቱ ኔትወርክ አለ።

ኩርፊያውን ለመጨረስ ግን ከሚያዝያ 27 አታሳልፊው። በአራተኛው ቀን ግንቦት ልደታ ነው፤ የብሎካችሁ ሰው ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቆረጥም እናንተ ሁለታችሁ ግራና ቀኝ ብትቀመጡ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያስታርቃችሁ ይነሣል። ያኔ ደግሞ የፈረሱ ታሪክ ከሀ ጀምሮ ይተረካል።