ስክሪኑ ሲታጠፍ ቺፑ የት ይገባል?



የሚታጠፍ ስልክ ያየ ሰው ሁሉ የሚገረመው በስክሪኑ ነው። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ግን ትልቁ ጥያቄ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ነው። ቺፕ አይታጠፍም፣ ካፓሲተር አይታጠፍም፣ ባትሪውም አይታጠፍም። ታዲያ እነዚህ ሁሉ በሚታጠፍ ዕቃ ውስጥ እንዴት ገቡ?

ከውፍረት እንጀምር። በመድረሳ የምንቀራበት የእንጨት ለውሕ አይታጠፍም፤ እናጥፈው ብንል ይሰበራል። ከዚያው እንጨት የአናጢ መላጊያ የሚያወጣው ስስ ፍቅፋቂ ግን እንደ ወረቀት ይጠቀለላል። እንጨቱ አንድ ነው፤ የተለየው ውፍረቱ ነው። አንድ ነገር ሲታጠፍ የውጭ ገጹ ይለጠጣል፣ የውስጥ ገጹ ይጨመቃል፣ መሃል ላይ ደግሞ ርዝመቱ የማይለወጥ ንጣፍ ይቀራል። የሲቪልና የሜካኒካል ተማሪዎች ኒውትራል አክሲስ ብለው የሚያውቁት ነው። በውጭው ገጽ ላይ የሚደርሰው ስትሬይን በግምት እንዲህ ይሰላል፦

ስትሬይን = ውፍረት ÷ (2 × የመታጠፊያው ራዲየስ)

ቁጥር እናስገባበት። ራዲየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 23 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሰበራል። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ 3.3 በመቶ ይለጠጣል፣ ይችለዋልም። ወደ 30 ማይክሮን የወረደ መስታወት ደግሞ 1 በመቶ ብቻ ነው። በ2020 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ዜድ ፍሊፕ መስታወት ሊታጠፍ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ያለው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ላይ ነው፤ በስክሪን ውስጥ እንደ ሽቦ የሚያገለግለው ግልጽ ንጣፍ ማለት ነው። ከ1 እስከ 2 በመቶ ባለው መለጠጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ ፕላስቲኩ የሚችለውን እሱ አይችለውም።

የፒክሰሎቹን ትራንዚስተሮች ከመታጠፊያው ማራቅ አይቻልም፤ ስዕሉ ባለበት ሁሉ መኖር አለባቸው። ያለው አማራጭ ፖሊይሚድ በተባለ ስስ ፕላስቲክ ላይ መሥራትና ከላይም ከታችም ንጣፎችን መዝኖ በማኖር ወደ ኒውትራል አክሲሱ ማስጠጋት ነው። ንጣፎቹ የሚጣበቁትም ለስላሳ በሆነ ማጣበቂያ ነው። ምክንያቱን በሃንድአውት ሞክሩት፦ 50 ገጽ ያለው ሃንድአውት በቀላሉ የሚታጠፈው ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። ገጾቹን በሙሉ በጠንካራ ሙጫ ብታጣብቋቸው ጣውላ ይሆንባችኋል።

ቺፖቹ ግን ሊርቁ ይችላሉ። በታጣፊ ስልክ ውስጥ ጠንካራ ቦርዶቹ በሁለቱ ግማሾች ይቀመጣሉ። ባትሪውም ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ሁለት ባትሪ ነበረው። በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሁለቱን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ኬብል ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው ሁሉ የወደቀው እሱ ላይ ነው።

ኬብሉን የሚነድፍ ሰው መዳቡ በመዳመጥ የተሠራና የለሰለሰ መሆኑን ያያል፤ ይህ ዓይነቱ ደጋግሞ ሲታጠፍ ቶሎ አይደክምም። መስመሮቹ የመታጠፊያውን መስመር በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ ያቋርጣሉ። ከላይና ከታች መስመር ካለ አንዱ በሌላው ትክክል አይደረደርም፤ ከተደረደረ እንደ አይ ቢም ይጠነክራል። በመታጠፊያው ላይ ቪያም ሶልደርም አይደረግም። ኮምፖነንት ያለበት ቦታ ከጀርባው ስቲፈነር ይለጠፍበታል፤ የስቲፈነሩ ጠርዝም ከመታጠፊያው መራቅ አለበት፤ ስብራት የሚወደው ጠንካራውና ለስላሳው የሚገናኙበትን ድንበር ነውና። ለተደጋጋሚ መታጠፍ በተለምዶ የሚነገረው ራዲየስ የኬብሉን ውፍረት 100 እጥፍ ነው። ለ0.1 ሚሊ ሜትር ኬብል 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ቀጭን ስልክ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ኬብሉ ይሳሳል፣ ወይም ዘና ብሎ እንዲዞር ትርፍ ርዝመት ይሰጠዋል።

ስሌቱ ሁሉ ልክ ሆኖም ዕቃው ሊበላሽ ይችላል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ፎልድን 200,000 ጊዜ እንደሚታጠፍ አድርጎ ነበር ያስተዋወቀው፤ በቀን 100 ጊዜ ቢታጠፍ ከ5 ዓመት በላይ ማለት ነው። በሚያዝያ 2019 እንዲገመግሙት የተሰጣቸው ጋዜጠኞች እጅ ላይ ግን በቀናት ውስጥ የተበላሹ ነበሩ። አንዳንዶቹ የስክሪኑን ልባስ ተራ መከላከያ ፕላስቲክ መስሏቸው ላጡት፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በማጠፊያው ክፍተት ባዕድ ነገር ገብቶ ስክሪኑን ከውስጥ ገፋው። ገበያው እስከ መስከረም ዘገየ፤ ክፍተቱ በክዳን ተዘጋ፣ ልባሱ በጠርዙ ሥር እንዲገባ ተደረገ፣ ከስክሪኑ በታችም የብረት ንጣፍ ተጨመረ። (እንደኔ ከሆነ ከስኬቱ ይልቅ ይህ ውድቀት ብዙ ያስተምራል። የማጠፊያ ማሽን አቧራ ኪሱ ውስጥ ይዞ አይዞርም።)

ያገለገለ ታጣፊ ስልክ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱትና ዝጉት። ስክሪኑ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተሰነጠቀ መስመር ነው፤ ስንጥቁ ሲለጠጥ ይከፈታል፣ ሲላላ ይገጥማል። በላብ ውስጥም በተጣጣፊ ቦርድ የምትሠሩ መልቲሜትሩን አገናኝታችሁ እያጠፋችሁ ለኩ። በተዘረጋበት ብቻ የተለካ ቦርድ ምንም አይነግራችሁም።

ለመለማመጃ አንድ ጥያቄ፦ 0.05 ሚሊ ሜትር በሆነ ፕላስቲክ የውጭ ገጽ ላይ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ተቀብቷል፤ ራዲየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይሰነጠቃል ወይ? ከላዩ እኩል ውፍረትና ጥንካሬ ያለው ሌላ ፕላስቲክ ብናጣብቅበትስ ምን ይለወጣል?